የሚስተር ላው የሐሙስ ሥጋ

መጀመሪያ የጠፉት የሽቦ መስቀያዎቹ ናቸው። ሲቲ ማክሰኞ ጠዋት የሚስተር ላውን ሸሚዞች ተኩሳ ልትሰቅል ቁም ሣጥኑን ስትከፍት፣ የፕላስቲኮቹ መስቀያዎች እንዳሉ አሉ፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት የመጡት የሽቦዎቹ ግን አንድም የሉም። ባለፈው ሳምንት እሷ ራሷ በአንድ በኩል ደርድራ ትታቸው ነበር።

«ሽቦ ምን ይሠራላቸዋል?» አለች ለራሷ።

ሰውዬው ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ቀኝ እጃቸው ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ዝሎ ቀርቷል። የሚንቀሳቀሱት አራት እግር ባለው መደገፊያ፣ በዎከር ነው። ሲቲ ኬርጊቨር፣ ማለትም የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ለመሆን ስትማር፣ አስተማሪዋ ብቸኛ ሽማግሌዎች ቤት ውስጥ ዓይን ሊጣልባቸው የሚገባቸውን ነገሮች ስትዘረዝር ሽቦና ገመድንም ጠርታ ነበር። ይህ ትዝ ሲላት መፈለግ ጀመረች። ትራሳቸውን አነሳች፣ ፍራሹን ገለጥ አደረገች፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አየች። ሽቦ አላገኘችም። አልጋው ሥር ግን ጫማ ካርቶን ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ አገኘች። ክዳኗን ስትከፍተው እንደ ወፍራም ማር ያለ፣ ማንኪያ የማይገባው፣ ድርቅ ያለ ቡናማ ነገር ሞልቶባታል። በጥፍሯ ጫረችና አሸተተች። ማር አይደለም። ጣፋጭ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ሚስተር ላው ደግሞ የስኳር በሽተኛ ናቸው።

ሲቲ ካርቶኑን እንደነበረ መለሰችው። ተናግራ ከምታስደነብረው፣ ዝም ብላ ብትጠብቅ ነገሩ ራሱ ይወጣል የሚል እምነት ነበራት። ይህን የተማረችው ደሴ ነው። አባቷ ፒያሳ ላይ ቅቤና ማር ይነግዱ ነበርና፣ ከገጠር የመጣ ቅቤ ሙዝ ተደባልቆበት እንደሆነ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ የምትለየው እሷ ነበረች። ገና ልጅ ሳለች ሰው የሚያጠራጥር ቅል ይዞ ሲመጣ «ሲቲን ጥሯት» ይባል ነበር። ያ ልማድ ባሕር ተሻግሮ አብሯት መጣ። ባሏ ጣሂር ዲቪ ደርሶት ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፓብሎ ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲቲ የታሸገ ነገር ጀርባውን ሳታነብ ገዝታ አታውቅም፤ የማታውቀው ስልክ አንስታ አታውቅም። ጎረቤት ያለ ወትሮው ፈገግ ካለላት «ምን ፈልጎ ይሆን?» ስትል ትውላለች።

ሚስተር ላው ቤት ሥራ የጀመረችው ጥቅምት ላይ ነው። ቤቱ ኦክላንድ፣ ከቻይናታውን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ጠባብ አሮጌ ቤት ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም፣ የተሰበረው የተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ ይግባባሉ። ስማቸውን በደረቁ መጥራት አልሆን ስላላት «አባባ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «አባባ» ስትል ቀና ይላሉ። ወደ ኤጀንሲው ስትገባ «የአሳማ ሥጋ አልነካም፣ አላበስልም» ብላ አስፈርማለች። እስከዚያን ጊዜም ያስቸገራት የለም። ምሳቸው ሩዝ፣ ዓሣና ቅጠል ነው። ኦቨኑ አይነካም። ልጃቸው ኤለን ሳን ሆዜ ሆና ያወጣችው ሕግ ነው፤ ኦቨን የለም፣ ስኳር የለም፣ ጨው የለም። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ በሩን የምታይ ትንሽ ካሜራ ሰቅላለች።

መስቀያዎቹ ከጠፉ በኋላ የሲቲ ዓይን ዕረፍት አጣ። ረቡዕ ዕለት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትከፍት ከማንኪያዎቹ መሐል ባትሪ አገኘች። ቀና ብላ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የጭስ አላርም አየችው። ሁልጊዜ የምትበራው አረንጓዴ ነጥብ የለችም።

ሐሙስ ደግሞ ሚስተር ላው ብርቱካን አማራቸው።

«ከቻይናታውን ላምጣልዎት፣ አሥር ደቂቃ ነው» አለች።

«የዚያ ብርቱካን ይጎመዝዛል። ቴሜስካል ካለው ሱቅ አምጪልኝ።»

ሲቲ አየቻቸው። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ደጁ ላይ ያለውን የቻይናታውን ብርቱካን ንቆ በአውቶቡስ ቴሜስካል ሲልክ እንግዲህ ምን ይባላል? ካለፈው ሐሙስ በፊት በነበረው ሐሙስ ቴምብር ከሩቅ ፖስታ ቤት፣ ያለፈው ሐሙስ ደግሞ የእግር ቅባት ከሩቅ ፋርማሲ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሁልጊዜ ሩቅ ነው። ቢሆንም ሄደች። ስትመለስ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው መጋረጃው ይውለበለባል። ቤቱ የሆነ ነገር ይሸታል፤ የተቃጠለ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮከብ የሚመስለው የቻይና ቅመም፣ ከሥሩም ስብ። ኦቨኑን በእጇ ጀርባ ነካችው። ሞቋል።

«አባባ፣ ምን ሠሩ?»

«ምንም። ሙቀት ፈልጌ ነው» አሉ፣ መስኮት ሁሉ ከፍተው ጃኬት ደርበው ተቀምጠው።

ያን ዕለት ወደ ቤቷ የምትሄድበት አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠች ኤለን ደወለች። ኤለን ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት፤ እንዲያውም ስትቆጣ ዝቅ ታደርገዋለች።

«ሲቲ፣ አባቴ ክንድ ላይ ያለው የስኳር መለኪያ ወደ ስልኬ እንደሚልክ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስኳሩ ይዘላል። ሌላ ቀን ደህና ነው። ሐሙስ ምንድነው የምትሰጪው?»

«እኔ? ወላሂ ምንም! ሐሙስ እንዲያውም እኔ…» አለችና ዋጠችው። ሐሙስ እኔ ቤት የለሁም ብትል፣ ለምን የለሽም ነው የሚከተለው።

«አዎ፣ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትወጫለሽ፣ ካሜራው ላይ አይቼሻለሁ» አለች ኤለን። «ሌላም ልጠይቅሽ። ለምንድነው አባቴን ‹ባባ› የምትይው? በእኛ ቋንቋ ‹ባባ› አባቴ ማለት ነው። ሰው ከአንድ ሽማግሌ ጋር አምስት ወር ሠርቶ ‹አባቴ› ማለት ሲጀምር፣ እኔ ምን እንደማስብ ይገባሻል?»

ሲቲ ገባት። ቤቱን፣ ውርሱን ማለቷ ነው። «በእኛ አገር እንዲያ ነው የሚባለው» ብቻ አለች። ኤለን «እሺ» ብላ ዘጋችው። ያች «እሺ» ከስድብ በላይ ከነከነቻት።

ቤት ስትገባ ጣሂር ሶፋው ላይ ነበር። የኤርፖርት መንገደኞች የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፣ ያን ዕለት ቀደም ብሎ ገብቷል። ሻርፗን አውልቃ አጠገቡ ስታስቀምጥ አንስቶ አሸተተው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሥራ ቦታ ሽታ ነው።»

«የምን ሽታ? ሲቲ፣ እኔኮ ቻይናታውን ስንት ሰው አድርሻለሁ። ያንን መስኮቱ ላይ አንጠልጥለው የሚሸጡትን ቀይ ሥጋ ሽታ አውቀዋለሁ። የአሳማ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲቲ ይህን አላሰበችም ነበር። ሽቦ፣ ስብ፣ ጣፋጭ፣ ጭስ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሽቦው ማንጠልጠያ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ሰውዬው በራሳቸው ላይ ምንም አላሰቡም። እፎይ ማለቷን ግን ጣሂር በሌላ ተረጎመው።

«ዝም ትያለሽ? አቅምሰውሻል?»

«አብደሃል እንዴ?»

«አንቺ ላታውቂ ትችያለሽ። ዶሮ ነው ብለው…»

«እኔ? እኔ የምበላውን የማላውቅ ሰው ነኝ?» አለች። ጣሂር ሻርፑን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ማጠቢያው ውስጥ ከተተው። «ሥራው ይቅርብሽ። ሌላ ይገኛል» አለ።

ሲቲ ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስል ሰነበተች። ጥርጣሬዋ ግን አልተቀነሰም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። የአሳማ ሥጋ ጠብሰው መብላታቸው የራሳቸው ነው፤ ታዲያ ለምን ከእሷ ይደብቃሉ? ምናልባት በየቀኑ «ብዪ፣ ብዪ» እያሉ የሚሰጧት ሩዝ ውስጥ ስቡን ጨምረውበት ከሆነስ? ለኤለንስ «ሲቲ ናት የምታመጣልኝ» ብለዋት ከሆነስ? ሰኞ የሩዙን ድስት አሸተተች። ማክሰኞ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጣ አየች። ረቡዕ ፍሪጁ ውስጥ ከቅጠሉ ሥር በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘች፤ የቻይናታውን ሥጋ ቤት ማኅተም አለበት። በስልክ አዝዘው ያስመጡት መሆን አለበት። አልነካችውም።

ሐሙስ መጣ። ሚስተር ላው ጋዜጣ ፈለጉ፤ አፕታውን ካለው መደብር።

«እሺ አባባ» አለች። ካሜራው ፊት ለፊት ጃኬቷን ለበሰች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመች። ከዚያ ዞራ በጓሮ በኩል መጣችና የወጥ ቤቱን በር በቀስታ ከፈተችው።

ሚስተር ላው ኦቨኑ ፊት ነጭ ሽርጥ አስረው፣ ዎከራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ በቁመቱ የተቆራረጠ፣ ደም የመሰለ ቀይ መረቅ የጠጣ ሥጋ ትሪ ላይ ተጋድሟል። አንዱ ቁራጭ መሬት ወድቆ ወለሉን አቅልሞታል። በግራ እጃቸው ሽቦ ይዘዋል፤ ያ የልብስ መስቀያ ተቆርጦ፣ ሁለት ጫፉ ታጥፎ መንጠቆ ሆኗል። ሽቦውን ሥጋው ውስጥ ሊሰኩ ሲገፉ፣ የሚይዝላቸው ሁለተኛ እጅ ስለሌለ ሥጋው ይሸሻል። ቀኝ አንጓቸው ላይ ሰሞኑን የተቃጠለ ጠባሳ አለ። ሰሞኑን ገላ አልታጠብም ያሉትና ሹራብ የማያወልቁት ለዚህ ነው።

ዞር ሲሉ አዩዋት። ሽቦውን ጣሉት።

«በይ ደውዪላት» አሉ። «ለኤለን ደውዪ። ዓይኗ አይደለሽ?»

ሲቲ የተቆጣችበትን ሁሉ ረሳችው። «እኔ ነኝ የኤለን ዓይን?»

«ከመጣሽ ቀን ጀምሮ ድስቴን ታሸቻለሽ። ቆሻሻዬን ትገለብጫለሽ። አልጋዬ ሥር ትገቢያለሽ። ካርቶኑን ከነካሽው ጀምሮ አውቄያለሁ፤ ክዳኑን አጥብቀሽ ዘጋሽው፣ እኔ በአንድ እጅ አጥብቄ መዝጋት አልችልም። ይህን ሁሉ ለማን ብለሽ ነው የምታደርጊው?»

ሲቲ አፈረች። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። አምስት ወር ሙሉ እሷ እሳቸውን ስትጠረጥር፣ እሳቸውም ቁጭ ብለው ሲጠረጥሯት ኖረዋል።

«ለራሴ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ጠባዬ ነው አባባ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲያውም ኤለን የምታስበው ስኳሩን የምሰጥዎት እኔ እንደሆንኩ ነው። ልትባረር የደረሰችው ያችው ዓይን ናት።»

ሚስተር ላው ይህን አልሰሙም ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ጓንት አድርጋ የወደቀውን ቁራጭ በወረቀት አነሳች፣ ወለሉንም አጸዳች። ያኔ ነው የነገሯት። ሠላሳ አራት ዓመት ቻይናታውን ውስጥ ሥጋ ጠባሽ ነበሩ። ያ ጣፋጭ ቀይ ጥብስ፣ እነሱ ቻር ሲው የሚሉት፣ የእሳቸው እጅ ሥራ ነበር። ሚስታቸው የምትወደው ጫፉ ጠቆር ያለውን፣ ሰው የማይፈልገውን ነበር። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቻይናዎች በኤፕሪል መጀመሪያ የዘመዶቻቸውን መቃብር የሚጠርጉበትና ምግብ የሚያቀርቡበት ቀን አለ፤ በየዓመቱ ለዚያ ቀን ራሳቸው ጠብሰው ይዘውላት ይሄዱ ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮኩ ሆስፒታል አስተኛቸው፤ ኤለን ሳን ሆዜ ከሱቅ ገዝታ ወሰደች።

«ቀለም ነው። ቀለምና ስኳር» አሉ ሚስተር ላው፣ አፋቸውን እንደመራራ አጣመሙት። «ዘንድሮ እኔ ልሠራ ነው። ግን እጄን መልመድ ነበረብኝ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ተበላሸ። ካልቀመስኩት ደግሞ ምን እንደጎደለው አላውቅም። ኤለን ኦቨን መንካቴን ካወቀች ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት፣ ታስገባኛለች፤ ብላኛለችም።»

«የጭስ አላርሙንስ?»

«ስቡ ሲንጠባጠብ ይጨሳል። ከሥሩ ውሃ ያለበት ትሪ መኖር አለበት። ውሃ የሞላ ትሪ በአንድ እጅ አይነሳም።»

ሲቲ የቆሸሸ ጓንቷን አውልቃ ጣለች። የጣሂርን ፊት አሰበች፣ የፈረመችውን ወረቀት አሰበች። ትሪው ላይ ያለውን ሥጋ ላለማየት ፊቷን አዞረች። በሌላ በኩል ደግሞ በጓንት የዚህን ሰው ገላ አጥባለች፣ ከዚያ የከፋውንም አጽድታለች። እሱን ሐራም ያላት የለም።

«ስሙኝ» አለች። «ሥጋውን አልነካም፣ አልቀምስም፣ አልቀባም። ውሃውን እሞላለሁ፣ እሳቱን እጠብቃለሁ። እርስዎ ሲወጉት ሽቦውን ከላይ እይዝልዎታለሁ። ባትሪው አሁን ይመለሳል። ያ አልጋ ሥር ያለው ከዛሬ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። ቅምሻ አንዲት ጥፍር ታክል፣ ከዚያ በላይ የለም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ለኤለን እንነግራታለን።»

«አይሆንም!»

«እንግዲያው ጋዜጣዎን ላመጣ ልሂድ።»

ሚስተር ላው በአገጫቸው መሳቢያውን እያሳዩ «በይ ባትሪውን መልሺ» አሉ።

ባትሪውን መልሳ፣ ሁለት ጓንት በላይ በላዩ አደረገች። እሳቸው ሥጋውን በግራ ክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ሲወጉ፣ እሷ ሽቦውን ቀጥ አድርጋ ያዘችላቸው። አንዱ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የኦቨኑን ፍርግርግ ወደ ላይኛው ቦታ አሸጋግራ ውሃ ያለበትን ትሪ ከታች አስገባች፤ መንጠቆዎቹን እሳቸው አንድ በአንድ ሰቀሏቸው። ሚስተር ላው ሥጋው ሲያፏጭ ጆሯቸውን ያቀርባሉ፣ ሰዓት አያዩም። «አሁን» ሲሉ በሩን ትከፍታለች፣ በሙቅ ውሃ ያለሰለሱትን ያን አልጋ ሥር የተገኘ፣ ከብቅል የሚወጣ ጣፋጭ በብሩሽ ይቀባሉ፣ «ዝጊ» ይላሉ። የጭስ አላርሙ አንዴም አልጮኸም።

ለሦስተኛ ጊዜ በሩን እንደከፈተች የሳሎኑ በር በቁልፍ ተከፈተ።

ኤለን ነበረች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከሳን ሆዜ ነድታ መጥታለች፤ ሐሙስን በዓይኗ ልታይ። ካሜራው ላይ ሲቲ ስትወጣ አይታ፣ ብቻቸውን የቀሩትን አባቷን ልታገኝ ነበር የገባችው። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የሲቲን ጓንት አየች። የተንጠለጠለውን ሥጋ አየች።

«ስትወጪ አይቼሻለሁ» አለች፣ ድምጿ ጨርሶ ዝቅ ብሎ። «በየት ገባሽ? አሳማ አልነካም ብለሽ ፈርመሽ የለም? ሁሉም ውሸት ነበር ማለት ነው?»

ሲቲ መልስ ሳትሰጥ ሚስተር ላው ጣልቃ ገቡ፣ በራሳቸው ቋንቋ። ረጅም ነገር ተናገሩ። ሲቲ አንድ ቃል አልገባትም። «ሲቲ» የሚል ስሟን ሁለቴ ሰማች፣ «አባባ» የሚለውንም ሰማች፤ ከዚያ በጣታቸው ወደ እሷ ጠቆሙ። ይኸው፣ አለች በልቧ። በእኔ ሊያሳብቡ ነው። ነርሲንግ ሆም የፈራ ሰው የማይለው ምን አለ? ጓንቷን አውልቃ ጣለች። ቦርሳዋ የት እንዳለ በዓይኗ ፈለገች። የአውቶቡሱን ሰዓት ሳይቀር አሰበች። ኤለን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ አባቷ የተቃጠለ አንጓቸውን አሳዩዋት። ሌላ ጠየቀች። መለሱላት። ከዚያ ኤለን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉ?» አለች ሲቲ። «ስለ እኔ ያሉትን ማወቅ መብቴ ነው።»

ኤለን ወደ እሷ ዞረች። «ተደብቆ ሲሠራ የያዝሽው አንቺ እንደሆንሽ ነገረኝ። ሐሙስ ሐሙስ የሚልክሽ እሱ እንደሆነ። ሥጋውን አንዴም እንዳልነካሽው።» ወደ አባቷ ዞር አለች። «ደግሞ፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለሁ ትምህርት ቤት ልብሴ ሥጋ ሥጋ ይሸታል ብለው ስለሳቁብኝ ሁለተኛ ወጥ ቤት አልገባም ብዬው ነበር። ‹ታዲያ ማንን እርጂኝ እንድል ፈለግሽ?› ነው ያለኝ።»

ሚስተር ላው ኦቨኑን እያዩ «አሁን!» አሉ።

ሲቲ ጓንት የላትም። ኤለን አባቷንም ሲቲንም አየች፣ ቦርሳዋን አወረደች፣ እጇን ታጠበችና የኦቨኑን በር ከፈተች። ብሩሹን ስትይዝ አባቷ ወዲያው አያያዟን መንቀፍ ጀመሩ።

ሲቲ ወደ ሳሎን ወጥታ ቆመች። ጥቂት ቆይታ ኤለን ተከትላት መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችም። «‹ባባ›ን ግን አስረጂኝ» አለች።

«የማላውቀው ሽማግሌ መንገድ ላይ ቢወድቅ ‹አባባ፣ አይዞዎት› ነው የምለው። ሌላ አፍ የለኝም።»

«ለእኔ አባት አንድ ነው።»

«ለእኔም አንድ ነው። ደሴ ነው የተቀበረው» አለች ሲቲ።

ኤለን ራሷን ነቀነቀች። ገብቷት ይሁን፣ የገባት ለመምሰል ይሁን፣ ሲቲ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም። ካሜራው አልወረደም። ነርሲንግ ሆም የሚለው ወሬ ግን ዳግም ተነሥቶ አያውቅም። ሐሙስ ደግሞ ኤለን ራሷ ትመጣለች፤ ኦቨኑ የሚከፈተው እሷ ባለችበት ብቻ ሆነ።

መቃብር የሚጠረግበት ዕለት ሲቲ ዕረፍት ነበረች። ኤለን በስልክ ፎቶ ላከችላት፤ ድንጋዩ ላይ ሻይ፣ ብርቱካንና ጫፉ የጠቆረ ቀይ ሥጋ። ሲቲ ፎቶውን በጣቷ አስፍታ አየችው። አንዱ ቁራጭ ጫፉ ተነክሷል። ወዲያው ደወለች።

«ማነው የበላው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኤለን።

«ስኳራቸው ስንት ይላል?»

ኤለን ስልኳን አይታ ቁጥሩን ነገረቻት። ደህና ነበር። ሲቲ ያኔ ብቻ «እንኳን አደረሳችሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሚስተር ላው አንድ ነገር ያዙ። ሲቲ ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ እሳት ጠብቃ ሳትቀምስ መቅረቷ አልዋጥላቸው አለ። «በዶሮ እሠራልሻለሁ» አሉ። ሲቲ ወዲያው አልተቀበለችም። ትሪው የዚያ ነው፣ ቢላው የዚያ ነው፣ ብሩሹም የዚያ ነው። ሳምንት አስባበት፣ ከቤቷ የራሷን ትሪ፣ የራሷን ቢላና መክተፊያ፣ አዲስ ብሩሽ፣ ቴሌግራፍ መንገድ ካለው ሀላል ሥጋ ቤት የገዛችውን የዶሮ ጭን ይዛ መጣች። ኦቨኑን ከውስጥ ጠርዝ እስከ ጠርዝ አጠበችው። ሚስተር ላው መረቁን ሊደባልቁ ጠርሙሶቹን ሲደረድሩ አንድ በአንድ እያነሳች ጀርባውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሩዝ ወይን። ትንሽ ጠብታ ነው።»

«መጠጥ ነው!»

«እሳት ላይ ይተናል።»

«አይተንም። እኔ ሆድ ውስጥ አይተንም።»

ሚስተር ላው ተቀየሙ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ጠርሙስ የሠሩትን ሥጋ ሰው ተሰልፎ ይገዛ እንደነበር ተናግረው፣ ዶሮውን እንዳለ ትተው ክፍላቸው ገቡ። ሲቲም ዶሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለት ቀን እንደ ባዕድ ተያዩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ዝንጅብል ተፍቆ፣ በጨርቅ ተጨምቆ በብርጭቆ ተቀምጧል። አጠገቡ የብርቱካን ጭማቂ አለ። ሌሎቹ ጠርሙሶች በሙሉ የጀርባ ወረቀታቸው ወደ እሷ ዞሮ ተሰልፈዋል።

«አንብቢ» አሉ ሚስተር ላው።

አነበበች። አንዱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ «እሺ» አለችና ከዚያው ሥጋ ቤት ሌላ ዶሮ ገዝታ ተመለሰች፤ ኤለን ስትደርስ ኦቨኑ ተለኮሰ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሳን ፓብሎ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያለው ሳህን አስቀመጠች። ጣሂር ክዳኑን ከፍቶ አየና እጁን ሰበሰበ። ቀዩ ቀለም፣ የጠቆረው ጫፍ፣ ያ ሽታ።

«ዶሮ ነው» አለች።

«ማን አረደው?»

ነገረችው።

«ቢላው የማን ነው?»

«የኛ። ትናንት ማታ ስትፈልገው የነበረው።»

«ኦቨኑስ?»

«በእጄ ነው ያጠብኩት። መጠጥ አስወጥቼበታለሁ። ለዚህች ዶሮ ብዬ ከሰውዬው ጋር ሁለት ቀን ተኳርፈናል።»

ጣሂር አጎንብሶ አሸተተ። ሲቲ አልለመነችውም። ጫፉ የጠቆረውን ቁራጭ አንስታ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። ዓይኖቿን ጠበብ አድርጋ፣ ልክ ቅቤ ስትፈትን እንደምታደርገው፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለየች፤ ዝንጅብሉን፣ ብርቱካኑን፣ ያን የብቅል ጣፋጭ። የማታውቀው ነገር አልነበረበትም።

ጣሂር ሲያያት ቆየ። «ቢስሚላህ» አለና አንዲት ትንሽ ቁራጭ ከዳር አነሣ። ዋጠ። አሰበ።

«ጨው አንሶታል» አለ፣ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ እያደረገ።